ከደቻቱ ጎርፍ ልጄን ያወጣልኝ አምላክ ይመስገን

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለቁልቢው ገብርኤል የተሳልኩት ሁለት ነገር ነው፤ ጥላ ማስገባትና በሕይወት እስካለሁ መመስከር። ጥላው ገብቷል። ምስክርነቱን ሐምሌ ባለቀ ቁጥር ለሰው እናገራለሁ፤ ዛሬ ለእናንተ ልጻፍላችሁ።

ድሬዳዋን ለማታውቁ፣ ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሌለው የአሸዋ ወንዝ ነው። የከተማዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራን ከመጋላ ይለያል። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይነዳበታል። እኛም ከዳርቻው ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ ድሃ ኪራይ የሚረክስበት ነው የሚገባ።

ቅዳሜ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ከከተማ ወጥቶ እኔና ልጄ ብቻ ነበርን። ልጄ ገና ጡት አልጣለም። ማታ ከድሬ በላይ ባለው ተራራ በደንገጎ በኩል መብረቁ ሲያበራ አይቼ ተኛሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚያጓራ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ባቡር መሰለኝ። ድሬ ላደገ ሰው የባቡር ድምፅ አያስደነግጥም፤ ይሄኛው ግን አያልፍም፣ እየቀረበ ብቻ ይመጣል፣ መሬቱም ይንቀጠቀጣል። ከአልጋ ስወርድ እግሬ ያረፈው ጠጠር የበዛበት ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ነው። በሩን ገፋሁት፤ ከውጭ ደለል ገጥሞታል፣ ንቅንቅ አይልም። መብራቱ ጠፋ። ጭቃው ወገቤ ሲደርስ ልጄን ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣሁት። ቁም ሳጥኑም መዘንበል ጀመረ።

ረጅም ጸሎት አልመጣልኝም። «የቁልቢው ገብርኤል፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ ይህን ሕፃን ከውኃ አውጣልኝ። ጥላ አስገባለሁ፣ ዕድሜ ልኬን እመሰክርልሃለሁ» አልኩ። ስለ ራሴ አልለመንኩም። አፌን ሳልዘጋ ጣሪያው ላይ የሰው ኮቴ ሰማሁ።

የጎረቤታችን የከሰል ነጋዴው ልጅ ነው። «እትዬ! ራስሽን ሸፍኚ!» አለና ቆርቆሮውን በዲጂኖ ገነጠለው። በመጀመሪያ የታየኝ እጁ ነው፤ ቆርቆሮው ሸርክቶት ደሙ ይንጠባጠባል። ልጄን አቀበልኩት። ከዚያ ሽርጡን ፈትቶ ጠምዝዞ ወረወረልኝና ጎተተኝ። እሱ «ያ አላህ» ይላል፣ እኔ «ገብርኤል» እላለሁ። ጸሎቴን የሰማው አምላክ ያን ልጅ እንደላከልኝ ቅንጣት ታህል አልጠራጠርም።

ሲነጋ ቤት የሚባል ነገር የለም። አልጋዬ በነበረበት ቦታ ጎልማሶች ተጋግዘው የማያነቃንቁት ድንጋይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ። በዚያ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። ሰኞ ፍልሰታ ገባ። ሱባዔ ሊይዝ ያሰበ ሰው አስከሬን ሲፈልግ ሰነበተ፤ እኛም ጾሙን በድንኳን ውስጥ ፈታን።

እኔን ያወጣኝ ልጅ ታናሽ እኅቱን አጣ። እነሱም እንደኔ ሲለምኑ ነበር። እኔ ተርፌ እሷ ለምን እንደቀረች ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ከሷ ተሽዬ ነው የሚል ምስክርነት ግን ከአፌ አይወጣም።

በታኅሣሥ 19 ጥላዬን ይዤ ወደ ቁልቢ ወጣሁ። ደንገጎ ላይ መኪናው ሲቆም ወርጄ ቁልቁል አየሁ። ተራራው ራቁቱን ነው፤ ሸለቆው ሁሉ እየተገናኘ ወደ ድሬ ይወርዳል። ደጋው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ይህን ሁሉ ከፍታ ውኃው በአጭር መንገድ ነው የሚወርደው። አብረውን ይጓዙ የነበሩ አንድ አዛውንት ገበሬ «ዛፉ ሲያልቅ ዝናቡን የሚይዘው ጠፋ ልጄ፤ አሁን አፈሩንም ድንጋዩንም ጠርጎ ነው የሚመጣባችሁ» አሉኝ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉ ተራራ የወረደ ነገር ውስጥ ነው ለካ ልጄን ያወጣልኝ!

ልጄ ዛሬ አድጎ ጢም አብቅሏል። ተመስገን።

በደቻቱ ዳር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ግንብ ተሠርቷል ብላችሁ አትዘናጉ። እናንተ ጋ ባይዘንብም ደንገጎ ከጠቆረ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ፤ ስትወጡ የጎረቤታችሁን በር ደብድቡ። ያቺን ልጅና በዚያ ሌሊት የሄዱትን ሁሉ ደግሞ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።

ለአምላከ ቅዱስ ገብርኤል ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።