ዩፎ አየን የሚሉትን አምናቸዋለሁ

ዩፎ፣ ማለትም ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር፣ አየሁ የሚል ሰው ሲመጣ ቶሎ ውሸታም ወይም እብድ ይባላል። ይኼ ነገር ያናድደኛል። እኔ አብዛኞቹ ያዩትን ነው የሚናገሩት ብዬ አምናለሁ። ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ አለ ማለቴ ግን አይደለም።

ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1968 ማታ የሆነው ነው። ዞንድ 4 የምትባለውን የሶቪየት መንኮራኩር ያመጠቀው ሮኬት ስብርባሪ እየነደደ በአሜሪካ ሰማይ አለፈ። ብዙዎቹ ያዩት ያንኑ ነው፤ ተከታትለው የሚሄዱ የእሳት ነጥቦች። ጥቂቶቹ ግን ሲጋራ የመሰለ ትልቅ አካል አዩ። በጎኑ አራት ማዕዘን መስኮቶች ነበሩት። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ጋር ተገጣጥሞ የተሠራ ይመስል ነበር ያለም አለ። ከዛፍ ጫፍ ብዙም ከፍ አላለም ያሉም ነበሩ። ስብርባሪው ግን በብዙ አስር ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ላይ ነበር!

መስኮቶቹን የሠራው አእምሮ ነው። በጨለማ የተደረደረ መብራት ሲያይ የሚያውቀው አውሮፕላንን ነው። በነጥቦቹ መሀል ያለውን ጨለማ አካል አድርጎ ይሞላዋል። አጠገቡ የሚለካበት ነገር ከሌለ ደግሞ ርቀቱንም መጠኑንም ይስታል።

ብዙ ምስክር መኖሩም ብቻውን አያሳምነኝም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ያለች የማትነቃነቅ ትንሽ መብራት ላይ ዓይን ሲተከል የምትንቀሳቀስ ትመስላለች። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሰዎችን አንድ ላይ አስቀምጦ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰች ሲጠይቃቸው፣ አንዱ የሌላውን እየሰማ መልሳቸው እየተቀራረበ ሄደ።

የጠፈር ፍጡራን ሌሊት አልጋዬ ድረስ መጡብኝ የሚሉት ደግሞ ልቤን ይነኩኛል። ዓይን ተገልጦ ሰውነት አልታዘዝ ይላል። ደረት ይጨነቃል። ክፍሉ ውስጥ የሆነ አካል ቆሟል። ይኼን እኛ እናውቀዋለን፤ ዱካክ ነው። ሕልም በምናይበት ሰዓት ጡንቻችን አይታዘዝም፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ሕልሙና ክፍሉ ይደባለቃሉ። እኔንም መጥቶብኝ ያውቃል፤ ፍርሃቱ የእውነት ነው። የጠፈር ፍጡር ወሬ ሲሰማ ያደገ ሰው ያን ጥላ የጠፈር ፍጡር ቢለው ምን ይገርማል?

እንዲህ ያለ ሰው ቢያጋጥመኝ መጀመሪያ እስኪጨርስ እሰማዋለሁ። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ እንደነበር፣ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ እንደሆነም እጠይቀዋለሁ። ሁለቱም ዱካክን ሊያመጡ ይችላሉ።