ለሚያዳምጠው ተማሪ የሚሆን ድምፅ በላፕቶፕ ስለ መቅረጽ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሚማሩ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ብዙዎቹ ትምህርታቸውን የሚከልሱት ከተቀረጸ ድምፅ ነው። በብሬል የተዘጋጀ መጽሐፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ መምህሩ በክፍል የተናገረውም ሆነ ለፈተና መነበብ ያለበት ምዕራፍ በሰው ድምፅ ተቀርጾ ካልደረሳቸው በቀር፣ ከጓደኞቻቸው እኩል ተዘጋጅተው ሊቀርቡ አይችሉም። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ይህን የመቅረጽና የማንበብ ሥራ በፈቃደኝነት የምንሠራው በተራ ላፕቶፕ ነው። አዲስ የሚቀላቀሉን ሰዎች ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» ብለው ነው፤ እኔ ግን ከፕሮግራሙ በፊት ስለ ማይክሮፎኑ ቦታ እንዲያስቡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ምክንያቱ ቀላል የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ከተናጋሪው አፍ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። ከአፍ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ማይክሮፎን የሚያገኘውን ድምፅ 3 ሜትር ከ20 ላይ ካለው ጋር ብናወዳድር ልዩነቱ 24 ዴሲቤል ይሆናል። ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከሲሚንቶ ወለል ተንጸባርቆ የሚመለሰው ድምፅ በአንጻሩ በክፍሉ ውስጥ የትም ቢቀመጡ እምብዛም አይለያይም። ስለዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ የሚቀርጽ ተማሪ የሚይዘው ከመምህሩ ቃል ይልቅ የክፍሉን ማስተጋባት ነው፤ አንዴ ከቃሉ ጋር የተቀላቀለን ማስተጋባት ደግሞ ምንም ፕሮግራም አጥርቶ ሊለየው አይችልም። ብዙ አድማጮቻችን ጊዜ ለመቆጠብ ድምፁን በአንድ ተኩል እጥፍ ፍጥነት ስለሚያዳምጡ፣ በመደበኛው ፍጥነት እንደ ምንም የሚሰማ ቀረጻ ለእነርሱ ፈጽሞ የማይገባ ይሆንባቸዋል።

የላፕቶፑ የራሱ ማይክሮፎን ሌላም ችግር አለበት፦ ከማቀዝቀዣው ፋንና ከቁልፎቹ አጠገብ ነው። በዚያው ላፕቶፕ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው የሚቀርጸው የራሱን ጣቶች ነው። ለክፍል ትምህርት የሚበጀው ኮሌታ ላይ የሚያያዝ ትንሽ ማይክሮፎን ነው፤ መምህሩ ከፈቀዱ ከስልካቸው ጋር አያይዘው ኪሳቸው ውስጥ ያኖሩታል፣ ከትምህርቱ በኋላ ፋይሉ ወደ ላፕቶፕ ተገልብጦ ይስተካከላል። ማይክሮፎኑን በቀጥታ ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት የሚፈልግ ሰው ሶኬቱን አስቀድሞ ይመልከት። ለስልክ የተሠራው ባለ አራት ክፍል መሰኪያ የሚሠራው ለማዳመጫና ለማይክሮፎን አንድ የጋራ ቀዳዳ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ነው፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች በተለያዩባቸው በቀድሞዎቹ ላይ ግን መለያያ ያስፈልገዋል።

ፕሮግራምን በተመለከተ፣ እኛ የምንጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1999 በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውንና እስከ ዛሬ በነጻ የሚገኘውን ኦዳሲቲን ነው። የአንድን ሰው ንግግር በስቴሪዮ፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ ጆሮ ለየብቻ፣ መቅረጽ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም፤ ሞኖ (አንድ መስመር ብቻ)፣ 44.1 ኪሎኸርትዝ፣ 16 ቢት ይበቃል። በዚህ ልክ የአንድ ሰዓት ዌቭ (ያልታመቀ ድምፅ) ፋይል 318 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ 200 ሰዓት ያህል ይይዛል ማለት ነው። የድምፁ ከፍታ ተናጋሪው ጮክ ሲል ከዜሮ (ቀረጻው ሊይዘው ከሚችለው የመጨረሻ ከፍታ) በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል መካከል እንዲውል ይስተካከል። ዜሮን ያለፈ ድምፅ የሞገዱ ጫፍ ስለሚቆረጥ የተቆረጠው አይመለስም፤ ዝቅ ያለውን ግን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ስለ ድምፅ ማጥሪያዎች ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ዊንዶውስም ሆነ የስብሰባ ፕሮግራሞች «ድምፅ ለማሻሻል» ብለው ሳንጠይቃቸው የሚያበሯቸው ማጥሪያዎች የተሠሩት ለስልክ ዓይነት ንግግር ነው፤ ለትምህርት ቀረጻ ግን መጥፋት አለባቸው። የአማርኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ እና ጸ በአጭር ዝምታና ድንገት በሚፈነዳ ድምፅ የሚፈጠሩ ስለሆኑ፣ ድንገተኛ ኳኳታን ለመዋጥ የተዘጋጀ ማጥሪያ እነርሱንም ሲያደበዝዛቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሰ እና የሸ ጥራትም ያለው በከፍተኛው የድምፅ ክልል ነው፤ የድሮው ስልክ ከ3400 ኸርትዝ በላይ ያለውን ስለሚቆርጥ ሰ እና ፈ በስልክ ይምታቱ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ የሙያ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማና በዓይኑ አይቶ ሊያረጋግጥ ለማይችል ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማጥራት የሚያስፈልግ ከሆነ ዋናው ቀረጻ ሳይነካ ተቀምጦ በቅጂው ላይ ይደረግ።

የመብራት ነገርም አለ። ቻርጀሩ ተሰክቶ ሳለ በማዳመጫ ውስጥ ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ከተሰማ፣ ብዙውን ጊዜ የአገራችን ኤሌክትሪክ የሚሠራበት የ50 ኸርትዝ ድምፅና ብዜቶቹ ናቸው። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅረጽ ነው። መብራት ቢጠፋና ባትሪው ደካማ ሆኖ ላፕቶፑ ቢዘጋም፣ ኦዳሲቲ እየቀረጸ ሳለ ወደ ዲስክ ስለሚጽፍ እንደገና ሲከፈት ያልተቀመጠውን ሥራ መልሶ ለማቅረብ ይሞክራል።

መጽሐፍ ሲነበብ ደግሞ ክፍሉን የምንመርጠው እኛ ነን። መጋረጃ፣ ፍራሽና ልብስ የሞላበት ጠባብ መኝታ ክፍል ከሰፊ ባዶ ሳሎን ይሻላል። በክረምት ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ማንበብ አይቻልም፣ ስለዚህ ሰማዩ ሳይከብድ ጠዋት መጀመር ይበጃል። ማይክሮፎኑ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ቢደረግ የፐ እና የጰ ትንፋሽ አይመታውም። አንባቢው የገጹን ቁጥር በየገጹ መጀመሪያ ይናገር፤ ሥዕልና ሠንጠረዥ ሲያጋጥመው አይዝለል፣ ምን እንደሚያሳይ በራሱ ቃል ይግለጽ።

በክፍል ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ ለእኔም ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጠቆሙ «ይህኛው ከዚህ ሲቀነስ ይህን ይሰጠናል» ካሉ፣ እጅግ ውድ የሆነው ማይክሮፎን እንኳ የሚቀርጸው ትርጉም የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። ፈቃድ ለመጠየቅ ስንሄድ የሰሌዳውን ጽሑፍ ጮክ ብለው እያነበቡ እንዲጽፉልን አብረን እንለምናለን። አብዛኞቹ መምህራን በደስታ ይቀበሉናል፤ ከክፍሉ ተማሪዎች ውጭ እንዳይሰራጭ የሚጠይቁ አሉ፣ ይህም መብታቸው ስለሆነ ሊከበርላቸው ይገባል።

ፋይሉን የምንልከው አድማጮቻችን በሚቀላቸው በቴሌግራም ነው። በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሆነ ሞኖ ኤምፒስሪ የአንድ ሰዓት ትምህርት 29 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን፣ በሰከንድ 24 ኪሎቢት በሆነ ኦፐስ (ከኤምፒስሪ በኋላ የመጣ የድምፅ ማመቂያ ዓይነት) ደግሞ 11 ሜጋባይት አይሞላም፤ ለንግግር ኦፐስ በዚህ መጠን እንኳ በጣም ጥሩ ነው፣ የቆየ ስልክ ላለው ግን ኤምፒስሪ እንልካለን። በፋይሉ ስም መጀመሪያ ላይ የምዕራፉ ቁጥር ይመጣል፣ ከዚያ ርዕሱ፣ በመጨረሻ የትምህርቱ ስምና ቀኑ። የስልኩ ስክሪን አንባቢ (በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ስሙን ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለሚያነብ፣ ሁሉም ፋይል በአንድ ዓይነት ረጅም ስም ቢጀምር ተማሪው የሚፈልገውን ለማግኘት ያንኑ ስም ደጋግሞ ማዳመጥ ይኖርበታል።