ሬዲዮው አልታዘዝ ብሎኝ ዋለ

ዛሬ ማርቆስ መብራት የመጣው ከረፈደ ነው። የአማተር ሬዲዮዬን ከሊኑክስ ላፕቶፔ ጋር ላገናኝ ተቀመጥኩ፤ ለማዳመጥ ብቻ። ሃምሊብ፣ ሬዲዮን ከኮምፒውተር የሚያዝዘው ሶፍትዌር፣ ሬዲዮው አይመልስም ይለኛል። ኬብል ቀየርኩ። ራሴን ፖርቱን ለመጠቀም ፈቃድ በሚሰጠው፣ ዳያልአውት በሚባለው ግሩፕ ውስጥ ጨመርኩ፣ ሎግአውት አድርጌ ተመልሼ ገባሁ። ወይ ፍንክች!

ሲጨንቀኝ የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርት የሆነውን) መልእክት ከፍቼ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። ለካ ፖርቱ ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል! የገመዱ ቺፕ፣ ዩኤስቢውን ወደ ሲሪያል የሚቀይረው፣ ሲኤች340 ነው። የላፕቶፔ ሊኑክስ፣ ኡቡንቱ 22.04፣ ላይ ያለው ቢአርኤልቲቲዋይ፣ ለዓይነ ስውራን የብሬል ማሳያ የተሠራው ፕሮግራም፣ በመለያ ቁጥሩ ተሳስቶ «የኔ ነው» ብሎ ይነጥቀኛል። (ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለ ጥፋቱ ገመዱን ስረግም ነበር።) ፕሮግራሙን አጠፋሁት።

አሁንም ዝም። ሬዲዮው ሜኑ ላይ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት ፍጥነት 4800፣ እኔ ላፕቶፑ ላይ የጻፍኩት 38400! አስተካክዬ ትእዛዝ ስሰጠው፣ ማንም ሳይነካው ቁጥሩ ዘሎ 14.074 ሜጋኸርትዝ ላይ ቆመ። የኤፍቲ8፣ አማተሮች በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት የሚለዋወጡበት ዘዴ፣ ፉጨት ቤቱን ሞላው።

እማዬ ቡናውን እየቀዳች «ይኸ ሬዲዮ ምነው እንደ ክረምት እንቁራሪት? ዜና የለውም እንዴ?» አለችኝ።