ፈንግልን አጥር አያግደውም

ጓሮዬ ውስጥ ዶሮ የማረባው ደብረ ብርሃን ነው። ጥቂት ሳሶ የሚባለው የውጭ ዝርያ፣ ጥቂት ደግሞ የሐበሻ ዶሮ አሉኝ። እንቁላሉ ለቤት ይበቃል፤ ሲተርፍ ይሸጣል። ሰው ሲያገኘኝ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ መኖ ነው። እኔን ግን ከመኖ ይልቅ የሚያሳስበኝ የጎረቤት ግቢ ነው። የኔ ዶሮዎች ታመው ወይም ድነው የሚያድሩት እዚያም ማዶ ባለው ነገር ነዋ።

ምክንያቱ ፈንግል ነው። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ስለሆነ መድኃኒት የለውም። አንዷ ክንፏን ጥላ ትቆማለች። አረንጓዴ ያስቀምጣታል። አፏን ከፍታ ታጣጥራለች፤ የአንዳንዷ አንገት ይጠማዘዛል። ክትባት ያላገኘ መንጋ ውስጥ ከገባ በጥቂት ቀናት ቆጡን ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

የሰፈራችን ሰው ያኔ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ ይሰጣል። የሰው ቴትራሳይክሊን ፈትቶ ውሃ ውስጥ የሚበጠብጥም ሞልቷል። ሁሉም ከልቡ ነው የሚያደርገው። ነገር ግን ቴትራሳይክሊን የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ እንጂ ቫይረስ ላይ አይደለም። በዚያ ላይ ቅሪቱ እንቁላሉ ውስጥ ይገባና እኛው እንበላዋለን። ፈንግልን ቀድሞ መከላከል የሚቻለው በክትባት ነው።

ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ዋጋውም የሚከብድ አይደለም። የሚያስቸግረው ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ የሚይዘው ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። አምስትና ስድስት ዶሮ ያለው ሰው ታዲያ "ለዚህች ብዬ ልግዛ?" ይልና ይተወዋል። ሁሉም እንዲሁ ብሎ ስለሚተወው ሰፈሩ በሙሉ ሳይከተብ ይከርማል።

እኔ ያደረግኩት በር ለበር መዞር ነው። ማን ስንት ዶሮ እንዳለው ጠየቅኩ፣ ጻፍኩ፣ ብሩን አዋጣን። አጥሩ ማዶ ያሉት እማማ ግን መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም።

"ልጄ፣ ዶሮ በዕድሏ ነው። እግዜር ካለላት ትቆያለች" አሉኝ።

"እማማ፣ የእርስዎ ዶሮዎች እኮ በአጥሩ ሾልከው ከኔዎቹ ጋር ነው የሚውሉት። የኔን ብቻ ባስከትብ ምን ይጠቅመኛል?"

ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ማታ ና። ቀን እንደሆን አይያዙልህም" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ዶሮ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ እንደ ቀኑ አትሯሯጥም፤ በዝግታ ብድግ ማድረግ ነው። ክትባቱን ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ያመጣሁት በረዶ በሞላሁት ፔርሙዝ ነበር። ውስጡ ያለው የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ፀሐይም እንዲሁ። አንዱ ሰው ዶሮዋን ብብቱ ስር ይይዛል፣ ሌላው ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብሎ ዓይኗ ላይ አንድ ጠብታ ያደርጋል። ከዚያ አለመቸኮል ነው። ጠብታዋ ዓይኗ ውስጥ እስክትገባና ዶሮዋ ዓይኗን እስክታርገበግብ ይጠበቃል። ቶሎ ከለቀቋት ራሷን ነቅንቃ ታራግፈዋለች።

በመጠጥ ውሃ የሚሰጥም አለ። ግን የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፤ በዚያ ላይ ጥቂት የጠጣች ዶሮ ጥቂት ነው የምታገኘው። ለጓሮ መንጋ የዓይን ጠብታው ይሻላል ባይ ነኝ። ደግሞ አንዴ ተከትቧል ተብሎ አይተውም፤ በየ3 እና 4 ወሩ ይደገማል። ክትባቱ አቅም እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ እኛ ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ አንድ ወር ቀደም እናደርገዋለን። በበዓል ሰሞን ዶሮ ከየአቅጣጫው ገበያ ይወጣል፤ በሽታውም አብሮ ይጓዛል። ከገበያ የገዛሁትን ዶሮ ደግሞ የተከተበ ነው ቢሉኝም ከሌሎቹ አልቀላቅለውም። ሦስት ሳምንት ለብቻው፣ ውሃና መኖውም ለብቻው።

የታመመ ሁሉ ግን ፈንግል ይዞታል ማለት አይደለም። ክረምት ላይ ቄቦችን የሚያጠቃው ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው፣ አንጀት ውስጥ የሚገባ ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ነው። እኔ ማታ ማታ በባትሪ እየዞርኩ አንድ አንዷን ብድግ አድርጌ ደረቷን እዳብሳለሁ። ዶሮ በሽታዋን ትደብቃለች፤ ላባዋ ወፍራም ያስመስላታል። እጅ ግን አይታለልም። አንድ ሐምሌ ላይ አንዷ ቄብ ስትነሳ ቀለለችብኝ። የደረት አጥንቷ እንደ ምላጭ ሹል ሆኗል። ጠዋት ሳያት ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ ቆማለች። ኩሷ ውስጥ ደም አለ።

ወዲያው ለየኋት። ካርቶን ውስጥ ደረቅ ገለባ ጎዝጉዤ ወጥ ቤት፣ ሙቀት ያለበት አስቀመጥኳት። የእንስሳት ሐኪሙ ኩሷን አይቶ ኮክሲዲዮሲስ ነው ብሎ አምፕሮሊየም የሚባል መድኃኒት አዘዘ። መድኃኒቱ ያለበት ውሃ ብቻ እንድትጠጣ፣ ሌላ ውሃ እንዳይቀርብላት ነገረኝ። ቫይታሚን ልጨምርላት ወይ ብዬ ብጠይቀው "መድኃኒቱን ስትጨርስ" አለኝ። አምፕሮሊየም ተውሳኩን የሚያዳክመው ቫይታሚን ቢ1ን መስሎ እየገባ ስለሆነ፣ ቢ1 አብሮ ከተሰጠ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል። መኖውን በለብ ያለ ውሃ እያላቆጥኩ በትንሽ በትንሹ አቀረብኩላት። መጀመሪያ አልነካችውም። ቀስ በቀስ ግን መጫር ጀመረች፤ ያኔ ልቤ ተመለሰ። አብረዋት የነበሩትም መድኃኒቱን ጠጡ፤ አንዷ ላይ ከታየ ሌሎቹም ቀምሰውታል።

ዋናው ሥራ ግን ጉዝጓዙ ላይ ነው። የዚህ ተውሳክ እንቁላል በበረኪና አይሞትም። የሚጎዳው ድርቀት ነው። ስለዚህ እርጥብ ሰጋቱራውን ጠርጌ አወጣሁ፣ ውሃ መጠጫውን እንዳይደፋ ከፍ አደረግኩ።

እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ሰው የሚያደርገውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብርዱን ፈርተን የዶሮዎቹን ቤት በላስቲክ ግጥም አድርገን እንዘጋለን። ዶሮ ላባ ስላላት፣ ደረቅ እስከሆነች ድረስ ብርድ ትችላለች። የማትችለው የታፈገ እርጥበትንና የኩሷን ሽታ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ የእነሱም ሳንባ እየተቃጠለ ነው። ነፋሱ ቆጡ ላይ በቀጥታ እንዳይመጣ ተከልሎ፣ ከጣሪያው ስር ግን ክፍት መተው አለበት።

ከጎረቤት ጋር ገና እየተነጋገርንበት ያለው የታመመች ዶሮ ጉዳይ ነው። "ሳትሞትብኝ ልሽጣት" ማለት በሽታውን ለሌላ ሰው ግቢ ማሻገር ነው። "ሳትሞት አርጄ ልብላት" ማለትም አያዋጣም፤ ላባውና አንጀቱ ደጅ ሲጣል ውሻ ይጎትተዋል፣ የጎረቤት ዶሮ ይለቅመዋል። አሁን ከወንዙ ራቅ ብሎ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረናል። የሞተችውም፣ የበዓል ላባውም እዚያ ይገባና ኖራ ተነስንሶበት አፈር ይለብሳል። ለመጪው ክትባት ስም የምጽፈውም እኔ ነኝ፤ እማማ ዘንድሮ የእህታቸውን ዶሮዎችም አስመዝግበዋል።