ለቪትዜ የሚሆን የቤዝ ሳጥን ያገኘሁት ሁለተኛው ሙከራ ላይ ነው

ክረምት ላይ ከአጋሮ ወደ ጅማ ስመለስ ጎማዬ ተነፈሰ። ዝናቡ ዶፍ ነው። የቪትዜ ትርፍ ጎማ ከኋላ ወለሉ ሥር ነው ያለው። ወለሉ ላይ ደግሞ ባለ 12 ኢንች ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) የያዘው ሳጥን ተገትሯል። ብቻዬን ላወጣው ታገልኩ፤ ንቅንቅ አላለም። አንድ ባለ ባጃጅ ቆሞ ባያግዘኝ ኖሮ እዚያው ይመሽብኝ ነበር።

ሳጥኑን የገዛሁት ተሠርቶ ያለቀ፣ የአየር ቀዳዳ ያለው ነው። ድምፁ ደረት ይመታል። ግን የጅማውን ተወላጅ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ ስከፍት ቤዝ ጊታሩ አንድ ኖታ ላይ የቆመ ይመስል ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ሳጥን ለስፒከሩ ተሰልቶ ሲሠራ በጣም ጥሩ ነው። የኔው አልተሰላም። ቦታም ይበላል፤ ለዚያው ስፒከር ቀዳዳ የሌለው ዝግ ሳጥን ከሚፈልገው አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ወደ 10 ኢንች ወረድኩና ዝግ ሳጥን መረጥኩ። ድምፁ እየወፈረ ሲሄድ ዝግ ሳጥን ኃይሉን የሚቀንሰው ቀስ እያለ ነው። የትንሽ መኪና ጠባብ ውስጥ ደግሞ ያንኑ ድምፅ መልሶ ያጎላዋል። ለቪትዝ የሚስማማው በዚህ ነው።

ከስፒከሩ ጋር የመጣው መመሪያ ሳጥኑ ከ20 እስከ 25 ሊትር ይሁን ይላል። ሜትር ይዤ ወለሉን ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም ለካሁ፤ የኋላ በሩ መስታወት ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ከላይ ይጠባል። ከዚያ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ወዳሉ አንድ አናጢ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ በ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ 46 በ34 በ24 ሳንቲም ይሥሩልኝ» አልኳቸው። ኤምዲኤፍ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ ነው።

«ከውጭ ነው ከውስጥ?» አሉኝ።

ጥያቄው ወሳኝ ነው። ከውጭ ሲለካ 37 ሊትር ተኩል ይሆናል፤ የጣውላው ውፍረት ሲቀነስ ውስጡ 26 ሊትር ገደማ ብቻ ይቀራል። ስፒከሩ ራሱ ሁለት ሊትር ያህል ይይዛል። ቀሪው 24 ነው፤ የምፈልገው ይኸው ነበር።

መገጣጠሚያውን በኮላና በብሎን አጠበቁት። ማታ ሙዚቃ ከፍቼ የበራ ሻማ በየስፌቱ አስጠጋሁ። ከታች በቀኝ ጥግ ነበልባሉ በቤዙ ምት ልክ ተርገበገበ። አየር ያፈስ ነበር። ከውስጥ ሲሊኮን ቀባሁበት፣ አደረቅኩት። አሁን የስፒከሩን የሚርገበገብ ፊት በመዳፌ በቀስታ ስጫነው ዘግየት ብሎ ነው የሚመለሰው፤ አየር አያፈስም ማለት ነው። የጅማ እርጥበት ኤምዲኤፍ ስለሚያሳብጥ ውጩን ቀለም ቀባሁና ምንጣፍ አለበስኩት።

ሳጥኑን በቀበቶ ግራ ጥግ አሰርኩት፤ ገመዱ ተነቅሎ የሚሰካ ነው። በፍሬን ጊዜ እንዲህ ያለ ክብደት ወደ ተሳፋሪ እንዳይወረወር ማሰር ግድ ነው። ከባትሪው የሚመጣው ገመድ ላይም ፊውዝ ባትሪው አጠገብ አስገባሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሳጥኑን ብቻዬን ፈትቼ አወረድኩና ትርፍ ጎማውን አወጣሁ። መልሼ ስጭነው ቀኝ በኩል የአባቴ ጆንያ ቡና ገባ። ሙላቱን ከፈትኩት። ቤዝ ጊታሩ እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ ይጫወታል።