«ዳር ዳሩን ሂድ» ብለውኝ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የመሸብኝ ቀን

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ መንዳት ከጀመርኩ ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴ ነው። ይህን የምጽፈው፣ ሐይቅ ላይ ለሚመሽበት ሰው ሁሉ የሚሰጠውን «ዳር ዳሩን ሂድ» የሚል ምክር አምኜ በመቀበሌ ሁለት ዘመዶቼን አሳፍሬ ከመረብና ከጉማሬ መካከል ስለገባሁ ነው። ምክሩ በቀን ጥሩ ነው። በሌሊት ግን በዚህ ሐይቅ ላይ የተገላቢጦሽ መሆኑን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። የሚያውቁት ዓሣ አጥማጆች ስላልጠየቅኳቸው ዝም አሉ፤ የጠየቅኳቸው ሰዎች ደግሞ አያውቁትም ነበር።

ጀልባዋን የገዛነው ከባለቤቴ ወንድም ጋር እኩል አዋጥተን ነው። አምስት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት የፋይበር ጀልባ ስትሆን፣ ያገለገለ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። መንዳቱን በሁለት ሳምንት ለመድኩት። ቤንዚንና ዘይት መቀላቀል፣ ሞተሩን ማንሣትና ማውረድ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አጠገብ አባ ኮዳ በሚባሉት ትልልቅ ወፎች መካከል ጀልባ ማስጠጋት በሥራ ላይ የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። ቀን ከተሳሳቱ የሚጮህ ሰው አይጠፋም።

ፈቃዱ ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሁለተኛው ቀን ማኅተሙ ያለበትን መሳቢያ ቁልፍ የያዘችው ሠራተኛ ለቅሶ ሄዳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ኃላፊውን አገኘኋቸውና የላይፍ ጃኬቶቹን ብዛት ነገርኳቸው፤ ስድስት አሉኝ አልኩ፤ ጻፉ። «ከመሸብኝስ ምን እንዳደርግ ይመክሩኛል?» ብዬ ጠየቅኩ። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ለምን ይመሽብሃል?» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ከመሸብህም ዳር ዳሩን ሂድ፤ ከፊት ጠንከር ያለ መብራት አብራ» አሉና ማኅተሙን መቱልኝ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ አለማወቃቸው አይደለም፤ ሁለቱንም ስሕተት በአንድ ትንፋሽ፣ ቅንጣት ሳይጠራጠሩ መናገራቸው ነው። እኔም ብሆን ከጠረጴዛ ጀርባ የተነገረኝን የውሃ ምክር ማኅተም ስላረፈበት ብቻ ማመኔ ያሳፍረኛል።

ነገሩ የደረሰው በጥቅምት ነው። ከአዳማ የመጡት የባለቤቴ አጎት ጋሼ ጉማሬ ማየት ስለፈለጉ፣ ከሰዓት በኋላ ከአማቼ (ከባለቤቴ ወንድም) ጋር ሆነን ወደ ማዶ ተሻገርን። ወዲያው ነፋስ ተነሣና ማዕበሉ እስኪበርድ አንድ ሰው ቤት ቡና ላይ ተቀመጥን። ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ መነሣት ነውር ነው ተባለ፤ እኔም ጋሼን ላለማስቀየም ዝም አልኩ። በጥቅምት ሐዋሳ ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም ምሽቱ አያዘግምም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድፍን ጨለማ ይሆናል። ጀልባዋን ከዳር ስንገፋት ፀሐይዋ ገብታ ነበር፤ ጨረቃም አልነበረችም።

ነፋሱ ፈጽሞ ቆሞ ስለነበር በመሃል ቀጥ ብዬ ብሻገር ኖሮ ችግር ባልገጠመኝ። እኔ ግን ምክር አክባሪ ነኝና መንገዱን እጥፍ አድርጌ የቄጠማውንና የደንገሉን ዳር ተከትዬ ነዳሁ። ከሞተር ብስክሌት ባትሪ ጋር ያገናኘሁትን ትልቅ መብራትም ከፊት አበራሁት። መብራቱ ያሳየኝ ነጭ የትንኝ ደመናና የቄጠማ ነጸብራቅ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ከበፊቱ ይበልጥ ጠቆረ። የሰው ዓይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ኃይለኛ ብርሃን አንዴ ካረፈበት ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት አለበት። እኔ ዓይኔን በገዛ እጄ አሳውሬ ነበር የምነዳው።

ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ የሚይዙበትን መረብ አመሻሽ ላይ በቄጠማው ዳር ዘርግተው ንጋት ላይ ያነሡታል። መረቡን የሚያንሳፍፈው ብዙ ጊዜ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው፤ በጨለማ ከውሃው አረፋ አይለይም። ሞተሩ መጀመሪያ ድምፁ ወፈረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም ጠፋ። በዚህ ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ እጄን ከሞተሩ ላይ አንሥቶ ማሰብ ነበር። እኔ ግን ገመዱን ስቤ እንደገና አስነሣሁት፤ ሲጠፋ ደግሜ፣ ሲጠፋ ሠልሼ። በእያንዳንዱ ሙከራ ፕሮፔለሩ መረቡን እንደ ልቃቂት ይጠቀልለው ነበር። በሦስተኛው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የፕሮፔለሩ ስፒና ተሰበረ። ስፒናው እንዲሰበር ታስቦ የተሠራ መሆኑን፣ እሱ ባይሰበር ኖሮ የውስጡ ጥርስ እንደሚበላ ያወቅኩት ኋላ ነው። ትርፍ ስፒና በሁለት ሳንቲም ገዝቶ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ በሳጥኔ ውስጥ የነበረው ግን አንድ ዛገታም ፒንሳና የጋሼ ሙዝ ነው።

ሞተሩን አንሥቼ ለማየት ወደ ኋላ ስሄድ አማቼ ሊያግዘኝ ተከተለኝ፤ ጋሼም ምን እንደሆነ ለማየት ተነሡ። ሦስት ሰው በአንድ ጫፍ ሲሰበሰብ የጀልባዋ ቂጥ ሰመጠና ውሃ ገባ። «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይቀመጡ!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ በሕይወቴ በእርሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስልኬን ባትሪውን አብርቼ በጥርሴ ነከስኩና በሁለት እጄ መረቡን መፍታት ጀመርኩ። ቢላ ስላልነበረኝ በቤቴ ቁልፍ ጥርስ ክሩን እገዘግዝ ነበር። የናይለን ክር ሲረጥብ ጣት ይቆርጣል እንጂ በቁልፍ አይቆረጥም። ጋሼ አንድ ነገር ጠየቁኝና «አቤት» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ስልኩ ወደ ውሃው ገባ፤ መብራቱ ሳይጠፋ አንድ ሁለት ሜትር ያህል አረንጓዴ እየሆነ ወረደ፣ ከዚያ አልታየም።

ትንፋሹን የሰማነው ያኔ ነው። ከቄጠማው በኩል ረዥም፣ እርጥብ፣ በአፍንጫ የሚወጣ ትንፋሽ። አማቼ «ፈረስ ነው?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ያሳልፋል፤ ሲጨልም በለመደው መንገድ ወጥቶ ሣር ይግጣል። አንድ ትልቅ ጉማሬ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል፤ በተለይ ደግሞ በእሱና በመንገዱ መካከል የሚቆምን ነገር አይታገሥም። መብራቱን አጠፋሁት። ዓይናችን ጨለማውን ሲለምድ፣ ከጀልባዋ 15 ሜትር ያህል ርቆ ቄጠማው እንደ በር ተከፍቶና ተረጋግጦ አየነው። መውጫቸው ነው። እኛ ደግሞ በመረቡ ታስረን ልክ ፊት ለፊቱ ቆመናል።

በመቅዘፊያ ልገፋ ሞከርኩ። መቅዘፊያው አንድ ብቻ ነበር፤ ጀልባዋም ባለችበት ትዞር ነበር እንጂ ወደፊት አልሄደችም። ላይፍ ጃኬቱን የለበሱት ጋሼ ብቻ ነበሩ። እኔና አማቼ የኛን ወንበሩ ይቆረቁራል ብለን ተቀምጠንበት ነበር፤ አሁን በጨለማ ማሰሪያውን ፍለጋ ስንታገል ጀልባዋን እናናውጣት ጀመር። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቀን ቢሞቅም ማታ ለረጠበ ሰው አትራራም። ጋሼ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ከብርዱ ይሁን ከሌላው አልጠየቅኩም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየን በኋላ ከጨለማው ውስጥ «ማነህ አንተ? መረቤ ላይ ነህ!» የሚል ድምፅ መጣ። በእንጨት ጀልባ ያለ ምንም መብራት የሚቀዝፍ ሰው ነበር። «ወንድሜ፣ ተይዘን ነው፤ ይቅርታ» ስለው «ዝም በሉ፣ ባትሪ እንዳታበሩ» ብሎ ቀስ ብሎ ተጠጋን። መጀመሪያ ጀልባችንን በገመድ አስሮ መረቡን ከነሸክሙ ከዳሩ ወደ መሃል ጎተተው። ከጉማሬው መንገድ ስንርቅ ብቻ ቢላውን አወጣና የገዛ መረቡን ከፕሮፔለሩ ላይ ቆራረጠው። በተሰበረው ስፒና ፈንታም ከጀልባው ጎን ሚስማር ነቅሎ፣ በፒንሳዬ አጥፎ አስገባልኝ። «በማታ ዳር ለዳር ማን ላካችሁ?» አለ። ነገርኩት። ሳቀና «እነሱ 11 ሰዓት ላይ ቤታቸው ይገባሉ» አለ። ከዚያም በሌሊት ዳሩ የመረብና የጉማሬ እንደሆነ፣ ነፋስ ከሌለ መሃሉ ባዶ እንደሆነ፣ ነፋስ ካለ ደግሞ ባሉበት ማደር እንጂ ዳር ለዳር መሄድ መፍትሔ እንዳልሆነ አስረዳኝ። የመረቡን ዋጋ በነጋታው ስከፍለው አልተከራከርኩትም።

እኔ በበኩሌ አንድ ሦስተኛ ምክንያት እጨምርበታለሁ። ሐይቁ የጥቁር ውሃ ወንዝን የመሰለ ገባር እንጂ በላዩ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ ክረምቱ ሲጠግብ ውሃው ከፍ ብሎ የቀድሞ ዳር የነበረውን ቁጥቋጦና ጉቶ ይሸፍናል። ይህን በቀን በዓይን ማየት ይቻላል፤ በሌሊት የሚነግርህ ፕሮፔለሩ ነው።

አሁን የምሄደው እንዲህ ነው። ከመነሣቴ በፊት ዓይኔን ጨለማ አስለምዳለሁ፤ በጀልባው ውስጥ ስልክ የሚያበራ ተሳፋሪ ካለ፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ እከለክላለሁ። የፊት መብራቱን ነቅዬ ጥዬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ እንዲሁም ነጭ መብራት ይጠይቃል፤ ርዝመቷ ከ7 ሜትር በታች ለሆነና ፍጥነቷ ከ7 ኖት (በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ) ለማያልፍ ባለ ሞተር ጀልባ ግን ዙሪያውን የሚታይ አንድ ነጭ መብራት ይበቃል ይላል። ደንቡ የተጻፈው ለባሕር ነው፤ ሐዋሳ ላይ የሚጠይቀኝ የለም። ቢሆንም የኔ ሞተር ከዚያ ፍጥነት ስለሚያልፍ ሦስቱንም ገጥሜያለሁ፤ ነጩን ዓይኔን እንዳይወጋ ከጭንቅላቴ በላይ ከኋላ በብረት ዘንግ ላይ ሰቅዬዋለሁ። መብራት ማለት እኔ እንድታይ እንጂ እኔ እንዳይ አይደለም። ይህን ለመረዳት አንድ ስልክ ከፍያለሁ።

ላይፍ ጃኬት ሳይለብስ የሚሳፈር የለም፤ ፊሽካው በጃኬቱ ላይ ታስሯል። የሞተሩን ማጥፊያ ገመድ በእጄ አንጓ ላይ አስራለሁ፤ ብወድቅ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጀልባዋም ትታኝ አትሄድም። ሁለት መቅዘፊያ፣ በገመድ የታሰረ ቢላ፣ ሦስት ስፒና አይለዩኝም። አሞራ ገደል ዳር ጀበና ቡና ለምትሸጠው ልጅ የምመለስበትን ሰዓት ነግሬ እሄዳለሁ፤ ካሳለፍኩ ለአማቼ ትደውላለች። ይህ ከየትኛውም ፈቃድ ይበልጥብኛል።

ስመለስ ከሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። በከተማው በኩል ያለው የፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ መብራቶች ተደርድረው ሲታዩ ቅርብ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም፤ መብራት ያለው ጀልባ ቢኖር እንኳ ከከተማው መብራት ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ በመብራት ሳይሆን ኮከቦቹን በሚጋርደው የታቦር ተራራ ጥቁር ቅርፅ አቅጣጫዬን ይዤ፣ ከመሃል ወደ ማረፊያው በቀጥታ እገባለሁ፤ ሞተሩንም ሰው በእግሩ ከሚሄድበት ፍጥነት አላሳልፈውም። ከኋላዬ ጮሌ ነጂዎች ጥለውኝ ሲያልፉ ይስቁብኛል።

ከዚያ ዓሣ አጥማጅ ጋር አንድ ነገር ላይ አልተስማማንም። ያው የመርከቦች ደንብ የሚቀዘፍ ጀልባ ሌላው ሳይጋጨው በፊት የሚያሳየው የእጅ ባትሪ እንዲይዝ ስለሚል፣ ባለፈው ዓመት የግንባር ባትሪ ገዝቼ ሰጠሁት። አመሰገነኝ፤ ቤቱ ውስጥ ሲጠቀምበትም አይቻለሁ። ሐይቁ ላይ ግን አያበራውም፤ «መብራት ካየ የመረብ ሌባ መረቤ የት እንዳለ ያውቃል» ይለኛል። ነፍስህ ከመረብህ ትበልጣለች ብዬ ስከራከረው «መረቡ ከሌለ ነፍሱ በምን ትኖራለች?» ይለኛል፤ በዚህ ከዚያ ወዲህ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ስለዚህ እሱ መረብ ወደሚዘረጋበት አካባቢ ስቀርብ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ስሙን ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ ጠርቼ፣ «እዚህ ነኝ» እስኪለኝ ድረስ በጨለማው ውስጥ ቆሜ እጠብቃለሁ።