ኤክሴል ስማር የሐበሻ ቀን ያሳየኝ አበሳ

አራት ኪሎና ፒያሳ መካከል ባለ የጽሕፈት መሣሪያ ጅምላ ሻጭ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ። ወረቀት፣ ደብተር፣ የፕሪንተር ቀለም እንሸጣለን። አብዛኛው በዱቤ ነው የሚወጣው። ድሮ ሁሉም ነገር በመዝገብ ነበር። አለቃችን ኮምፒውተር ሲገዙ "በቃ፣ ከእንግዲህ በኤክሴል ነው" አሉና ይህን የሠንጠረዥ ፕሮግራም እንድማር ፒያሳ ወዳለ አንድ ማሠልጠኛ ላኩኝ። ሰርተፍኬቱ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የሚያስፈልገኝን አንድ ነገር ግን እዚያ ማንም አልነገረኝም፤ ቢነግሩኝ ኖሮ የወራት የዱቤ መዝገብ ከዜሮ አልሠራም ነበር።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ሴል (የሠንጠረዡ አንዱ ሳጥን) ምን እንደሆነ፣ ፎርሙላ በእኩል ምልክት እንደሚጀምር፣ ሰም (SUM) የሚባለው ፎርሙላ እንዴት እንደሚደምር በአንድ ጠዋት ይገባችኋል። የላይኛውን ረድፍ ፍሪዝ አድርጉት፣ ዝርዝሩ ሲረዝም ርዕሱ ከዓይን አይጠፋም። 15 በመቶውን ቫት በየፎርሙላው ውስጥ አትጻፉ። አንድ ሴል ላይ አስቀምጡትና የሴሉን አድራሻ በዶላር ምልክት ቆልፋችሁ ፎርሙላው ውስጥ አስገቡት፤ ኤፍ 4ን ስትጫኑ ምልክቱ ራሱ ይገባል። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና እጃችሁ ሥራውን ሴቭ የሚያደርገውን ኮንትሮል ኤስን ይልመድ። ፊልተርንና (የሚፈለገውን ብቻ ለይቶ ማሳያ) ሶርትንም (በቅደም ተከተል መደርደሪያ) ቶሎ ትለምዷቸዋላችሁ።

የእኔ መከራ የመጣው በሶርት በኩል ነው።

የእኛ ደረሰኝ ላይ ቀኑ የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ ደንበኛውም "እስከ የካቲት 2 እከፍላለሁ" ነው የሚላችሁ። ስለዚህ ማንም ሰው እንደሚያደርገው ቀን፣ ወር፣ ዓመት እያልኩ በእዝባር ለይቼ አስገባሁ። ኅዳር 12 ቀን 2016ን 12/3/2016 ብዬ ጻፍኩ። ሴሉ ላይ ልክ እንደጻፍኩት ተቀመጠ። ኮምፒውተሩ ግን የተስተካከለው በአሜሪካ አጻጻፍ ነበር፣ እዚያ ወር ይቀድማል፣ እና ኤክሴል ዝም ብሎ ዲሴምበር 3 አድርጎ ያዘው። የኅዳር 13ን 13/3/2016 ብዬ ስጽፍ ደግሞ 13ኛ ወር ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው። ለዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው። ልዩነታቸው አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ መጠጋቱ ብቻ ነው። አሠልጣኙ "ቀኝ የያዘው ቁጥር ነው፣ ግራ የያዘው ጽሑፍ ነው" ብሎ አንዴ ቢናገር ይበቃን ነበር። እሱ ግን ጊዜውን በቻርት ቀለም ጨረሰው።

ዱቤያችን የ30 ቀን ነው። ጥር ውስጥ የቆየው ዕዳ ከላይ እንዲመጣ በቀን ሶርት አደረግሁ። ጥቅምት 5 የወሰደው ሰው ጥር 2 ከወሰዱት በታች ሆኖ ቁጭ አለ። ለምን ቢባል፣ ለኤክሴል 5/2 ሜይ 2 ነው፣ 2/5 ደግሞ ፌብሩዋሪ 5። ከ13 ጀምሮ ያሉት ቀኖች ደግሞ ወራቸው የትኛውም ይሁን ሁሉም ግርጌ ላይ ተከማቹ። ዝርዝሩ በዚያው ለገንዘብ ሰብሳቢያችን ተሰጠ። ለዓመታት የምናውቃቸው አንድ አዛውንት ነጋዴ ጊዜያቸው ሳይደርስ ሱቃቸው ውስጥ፣ ገበያተኛ እየሰማ፣ ዕዳ ተጠየቁ። ቢሮ ድረስ መጡ። ደረሰኙን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። "ልጄ፣ ቀኑን እስቲ አንብቢልኝ" አሉኝ። ጥር 2 ይላል። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ማሠልጠኛው ተመልሼ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ እስካሁን ያናድደኛል። "እህቴ፣ ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ እየቀየርሽ አስገቢ።" አልስማማም! ቁልል ደረሰኝ ይዞ እያንዳንዱን ቀን በጭንቅላት መቀየር ስሕተት መጥራት ነው። የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ዋለ፣ የ2017ቱ ሴፕቴምበር 11። ይህን እያስታወሰ የሚጽፍ ማን ነው? ሲቀጥል የኮምፒውተሩን አቀማመጥ ቀን እንዲቀድም ለውጪው አለኝ። ለወጥኩት። ሶርቱ ተሻለ፣ ግን ጥቅምት 30 ለኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 ነው፣ እንዲህ ያለ ቀን የለም፣ አሁንም ግራ ይዞ ቀረ። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ነው፤ ኤክሴል ጃንዋሪ 31 አለ ብሎ ሁለት ይላችኋል። ጳጉሜንማ ጭራሽ ማስቀመጫ የለውም።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ የሚያበግነኝም ይኼው ነው። የኢትዮጵያን ቀን በአንድ ሴል ውስጥ በእዝባር አትጻፉ። ሦስት አምድ ክፈቱ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሁሉም ተራ ቁጥር። ዳታ ቫሊዴሽን ገብታችሁ ወሩ ከ13፣ ቀኑ ከ30 እንዳያልፍ ከልክሉ። ከዚያ አራተኛ አምድ ላይ የቀን ቁጥር አውጡ። ዓመቱን በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን በመጣል ደምሩበት፣ ኢንት የሚባለው ፎርሙላ ይህን ይሠራል። ወሩን በ30 አባዝታችሁ ጨምሩ፣ ቀኑንም ጨምሩ። የእኛ ወራት ሁሉም ሠላሳ ሠላሳ ስለሆኑና ጳጉሜን መጨረሻ ላይ ስለምትመጣ ሒሳቡ አይዛነፍም፤ እንደ 2015 ጳጉሜን 6 ስትሆንም ያው ነው። ሶርት የምታደርጉት በዚህ አምድ ነው። የሁለት ቀኖች ልዩነት ስትፈልጉም አንዱን ከሌላው መቀነስ ብቻ ነው።

ለባንክ ወይም ለውጭ አቅራቢ የፈረንጁ ቀን ካስፈለገ ከዚሁ ቁጥር ላይ 691194 ቀንሱና ሴሉን በፎርማት ሴልስ ቀን አድርጉት። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ እየቆጠረ ስለሆነ ቁጥሩ ራሱ ቀን ሆኖ ይወጣል። ፎርሙላችሁ ልክ መሆኑን ለማየት መስከረም 1 ቀን 2017ን አስገቡ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ካላመጣ አንድ ቦታ ተሳስቷል።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከቀኑ ቀጥሎ ብዙ ያስለፋኝ የደንበኛ ስም ስለሆነ። አንዱ ጸሐፊ "ኃይሉ" ይላል፣ ሌላው "ሀይሉ" ይላል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ስም ፈልጎ ከጎኑ ያለውን ለሚያመጣው ፎርሙላ፣ ለቪሉክአፕ፣ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች። ስልክ ቁጥርም ከፊቱ ያለውን ዜሮ ይጥልባችኋል፣ አምዱን አስቀድማችሁ ቴክስት አድርጉት። ለስሙ የሚያዋጣው ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቁጥር መስጠት ነው፣ ዕዳውን የምትፈልጉትም በዚያ ቁጥር ይሁን። እኛ ቁጥሩን አሁን ደረሰኙ ላይ ከስሙ ጎን እንጽፈዋለን፣ ሰብሳቢውም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።